እግሮቼን የጠበቅሁበት ከሰዓት

ከደብረ ማርቆስ እስከ ዓባይ በረሃ ቢፈለግ ሕመም በመቻል የሚስተካከለኝ ወንድ አይገኝም። ጥርሴን ያለ ማደንዘዣ ሲነቅሉልኝ «አይዞህ» እያልሁ ሐኪሙን ያጽናናሁት እኔ ነኝ። ይህን ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። ታዲያ አንድ ኩንታል ጤፍ ብቻዬን አነሣለሁ ብዬ ቡአ ወጣብኝና ኦፕራሲዮን ክፍል ገባሁ። ማደንዘዣ የምትሰጠው ልጅ ጀርባዬን ስትጠርገኝ «ወይኔ እማዬ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ገና ጥጡ ነው፣ አባባ» አለችኝ።

መርፌውስ ይሁን፤ «አባባ» መባሌ ግን እስካሁን ያመኛል።

ልጅቱ ከዚያ በፊት ረጋ ብላ አስረድታኝ ነበር። እንቅልፍ አይወስድዎትም፣ የሚደነዝዘው ከወገብዎ በታች ብቻ ነው፤ የደም ግፊትዎ ሊወርድ፣ ሊያቅለሸልሽዎት፣ ሽንት እምቢ ሊልዎት፣ በኋላም ራስዎን ሊያምዎት ይችላል፤ እግርዎ በደንብ ሳይመለስ ደግሞ ከአልጋ እንዳይወርዱ፣ ይወድቃሉ።

«እግሩ ሳይመለስለት የቀረ ሰው አለ እንዴ?» አልኋት።

መዋሸት ትችል ነበር። «በጣም አልፎ አልፎ ያጋጥማል» አለች።

የቀረውን ሁሉ ረስቼ ይህችን «አልፎ አልፎ» ብቻ ይዤ ገባሁ። መርፌው እንደ ወጣ አንድ ሙቀት ወደ ጭኔ ወረደ፤ ከዚያ ከእምብርቴ በታች ያለው ሰውዬ ተሰናበተኝ። ሆዴን ሲጎትቱ ይታወቀኛል፣ አያመኝም። ጨርሰው ወደ ተሽከርካሪው አልጋ ሲያዛውሩኝ አንድ ፀጉራም እግር በዐይኔ ሥር አለፈ። «የማን ነው?» ብል ሁሉም ሳቁ። እኔ ከልቤ ነበር የጠየቅሁት።

ቀልደኛ መሆን አድካሚ ሥራ ነው፤ የሕመም ፈቃድ እንኳ የለውም። በተኛሁበት ክፍል ያሉ አስታማሚዎች ስሜን ሰምተው ኖሮ አልጋዬን ከበቡ። «እስቲ አንድ ጣል አድርግልን!» ይላሉ። ጣል አደረግሁ። ሁለተኛም ጨመርሁ። እነሱ ሲስቁ እኔ ዐይኔ ከብርድ ልብሱ ጫፍ አልተነቀለም። ሁለት ጉብታ ይታየኛል፣ እንደ ሰው ዕቃ።

ሚስቴ አውራ ጣቴን ቆነጠጠችው። «ተሰማህ?»

«ባለቤቱን ጠይቂልኝ።»

«ተው አሁን! ቀልዱን ተወውና ንገረኝ። ተሰማህ?»

«አልተሰማኝም።»

እግሬን መልሳ ሸፈነችው። ከእኔ በኋላ ከኦፕራሲዮን የወጣው የጎን አልጋ ጎረቤቴ በዚህ መሃል ጉልበቱን አጥፎ ዘርግቶ፣ እያቃሰተ ነው። በሰው ቁስል የቀናሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የእህል ሱቄን በዐይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ ሌላ ሰው ጤፍ ሲያነሣ፣ እኔ በር ላይ እንደ ከረጢት ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ሳስቅ።

ሚስቴ ሾርባ ልታመጣ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ አባቷ ገቡ። ከዲማ በሚኒባስ ሲንገላቱ የመጡ፣ ጋቢያቸውን ያጣፉ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው በሩን ሲያልፉ እኔ ከአልጋው ወረድሁ፤ ማለትም ላይኛው ግማሼ ወረደ፣ ታችኛው እንደ ጆንያ ተከተለው። ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። የሆስፒታሉ ልብስ ከኋላ የሚታሰር ነው። ማንም አላሰረልኝም ነበር።

«በእግዚአብሔር! በእግዚአብሔር!» አሉ አማቴ፣ «ኖር» ብሎ ለተነሣላቸው ሰው እንደሚመልሱት። «ምነው ልጄ! የታመመ ሰው ይነሣል እንዴ?» ጋቢያቸውን አውርደው መቀመጫዬን ሸፈኑልኝ። ነርሷ ሮጣ መጣች፤ አራት ሆነው አነሡኝ። ስፌቱ ደህና ነው። የደም ግፊቴ ግን ወርዶ ነበርና ተቆጣችኝ፣ መቆጣቱም ይገባታል።

ወደ ማታ እግሬ ላይ ጉንዳን መሄድ ጀመረ። ከጉንዳኑ ኋላ ሕመሙ መጣ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተቀበልሁት እንግዳ የለም። ከዚያ በኋላ ለቀናት ቀና ባልሁ ቁጥር ራሴን ይፈልጠኝ ነበር፤ እሱንም የማደንዘዣዋ ልጅ አስቀድማ ነግራኝ ነበር።

አማቴ ከዚያ በፊት «ያ ለፍላፊ» ነበር የሚሉኝ። ዛሬ ዲማ በሄድሁ ቁጥር ላገኙት ሁሉ «እግር ሳይኖረው ለእኔ የተነሣ አማቼ ይኸው!» እያሉ ከጎናቸው ያስቀምጡኛል። ክብሩ ደክሞኛል። ሽማግሌ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የምነሣው እኔ መሆን አለብኝ።

እኔ ያን ቀን አማቴን አላየኋቸውም። በሩ በጀርባዬ በኩል ነበር። እግሬ ቀረ ብዬ እያለቀስሁ፣ ወለሉን ቢነካው ይነቃ ይሆናል ብዬ ነው የተንሸራተትሁት። ስወድቅም «ኖር» አላልሁም። ያልሁት «እማዬ» ነው።