ለመስቀል የለቀለቅሁት ግድግዳ

ከዳንግላ ተድሬ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው የባሌ ቤት የገባሁት ሚያዝያ ላይ ነው። ቤቱን ሳልለምድ ክረምቱ ገባ። እኔ ሲፈጥረኝ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ዝናቡ ደግሞ ከደጅ አላስወጣ አለኝ። ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምድጃው ስመላለስ እውላለሁ። ልቤ ዳንግላ ነው። ጋሪው ሲያልፍ፣ እናቴ ደጅ ቆማ ከባለጋሪው ጋር ስትጨቃጨቅ ይሰማኛል። ወደ እሷ መሄድ ፈለግሁ፤ ግን ለማን ልንገር? ባሌ «ትለምጃለሽ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። አማቴ የሚናገሩት አገውኛ ነው፤ አማርኛቸው ከ«ብዪ» እና ከ«ተኚ» ብዙም አያልፍም። እኔ ደግሞ አገውኛ አልሰማም። የሆዴን በሆዴ ይዤ ከረምኩ።

መስቀል ሲቃረብ አማቴ ግድግዳውን እንድለቀልቅ በእጃቸው አሳዩኝ። የአገሩ ሴቶች በነጭ አፈር ለቅልቀው በጣታቸው መስቀል ወይም አበባ ይስሉበታል። እኔም በነጩ ጀመርኩ። ነጩ አናደደኝ፤ ማን ደስ ብሎት ነው? ቀይ አፈር በጥብጬ መሀሉ ላይ ደፋሁበት። እሱም አልበቃኝም። አመድ ስቀላቅልበት ጉበት መሰለ፤ ይኸው፣ ይሄ ነው አልኩ። የከሰል ዱቄት ስጨምር ጠቆረ፣ በዛ፣ ነጭ መለስኩበት። ቀባሁ፣ ፋቅሁ፣ እንደገና ቀባሁ። በመዳፌ እየጎተትኩ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ በሩ። ቅርጽ የሚባል የለውም። ስጨርስ ግን ክረምቱን ሙሉ ያልተናገርኩት ሁሉ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ትንፋሼም ትንሽ ረገብ አለ።

ባሌ ከአዘና ገበያ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው? ጥጃ ታከከበት እንዴ?»

«እንጃ።»

«ለበዓል የሚመጣው ሰው ምን ይላል? አጥፊው።»

ምድጃው ዘንድ ተቀምጠው የነበሩት አማቴ ተነሡ። ግድግዳው ፊት ብዙ ቆዩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ጨርቁን አነሣሁ፣ ላጠፋው። እሳቸው ግን እጃቸውን ከሰል የበጠበጥኩበት ገበቴ ውስጥ ነከሩና ከእኔ ቀለም ጎን፣ ክንዳቸው ከሚደርስበት ጀምረው እስከ መሬት ድረስ አጠቆሩት። ደግመው ነከሩ። የእሳቸው ከእኔ ይሰፋል፤ ቀይም ነጭም የለበትም። ከዚያ ለልጃቸው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ፈረሱን ጫንላት፣ እናቷን አይታ ትምጣ አለችኝ። መምጣት ከፈለገች።»

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛውን እየፈለጉ፣ ቀስ ብለው፣ «እኔን የጫነልኝ የለም» አሉ።

ባሌ እያጉረመረመ ፈረሱን ጫነ። ክረምቱን ሙሉ ልሂድ ልሂድ ሲል የከረመው እግሬ እርካቡ ላይ ስወጣ ከበደኝ። እሳቸውን ከዚያ ጥቁር ጋር ብቻቸውን ትቻቸው መሄዴ ነበር።