ከገብረየስ ኋላ ያለው መጋዘን

ባሌ አሞጽ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራው ሁሉ ገና ሳስበው ስለሚያናድደኝ ነው።

ጁባ፣ ሙኑኪ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከመንገዱ ገባ ብላ ያለች አንዲት ክፍል ፎቶ ቤት አለችን። እሱ ያነሳል፤ እኔ አትማለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ፍሬም ውስጥ አስገባለሁ። የምንኖረው በጉርድ ፎቶና አልፎ አልፎ በሚገኝ ሠርግ ነው። ጉርድ ፎቶ ማለት ነጭ ጨርቅ፣ ቀጥ ያለ አንገትና ሁለት ደቂቃ ነው። አሞጽ ደግሞ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ አይወድም።

ከሦስት ወር በፊት አንዲት ሙሽራ አነሳ። እንደ ልማዱ እሷን አጥርቶ ከኋላዋ ያለውን አደበዘዘው። ሙሽራዋ ፎቶዋን አይታ ደስ ብሏት ሄደች። እሱ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ቀረ። ከኋላዋ የነበሩት የጌጥ መብራቶች ደብዝዘው ክብ ክብ ሆነዋል፤ የእያንዳንዱ ክብ ጠርዝ ግን እንደ ሳሙና አረፋ ደምቆ ተሰምሯል። ዓይን ይሰርቃል አለኝ፤ ሰው ፊቷን ትቶ እነዚህን ነው የሚያየው አለ። እኔ ያየሁት ፊቷን ነበር። ብነግረውም አልሰማኝም።

መድኃኒቱን ከኢንተርኔት አገኘው። መሐሉ ጥርት ያለ፣ ወደ ዳር ሲሄድ ቀስ በቀስ የሚጠቁር መስታወት ሌንሱ ፊት ከተደረገ የክቦቹ ጠርዝ ይሟሟል። ለዚህ ተብሎ በፋብሪካ የተሠራ ሌንስ አለ አሉ፤ ጁባ ውስጥ አይገኝም፣ ቢገኝም የእኛ አቅም አይደለም። ስለዚህ በእጁ ሊሠራው ተነሳ፤ የእኔም መከራ ያኔ ጀመረ።

መጀመሪያ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ በእኔው ፕሪንተር አተመው። ቀለሙ ነጠብጣብ ነበርና ፎቶው ሁሉ አቧራ የነፈሰበት መሰለ። ቀጥሎ ለፍሬም ያስቀመጥኩትን መስታወት እያነሳ ሻማ ላይ ይዞ ጥላሸት ያለብሰው ጀመር። ሁለቱ በሙቀት ተሰነጠቁ። ሦስተኛው እንደምንም ሲሳካለት በደስታ አውራ ጣቱን አሳርፎበት አበላሸው። ከዚያ የመኪና መስኮት የሚያጠቁሩበትን ላስቲክ ቀለበት ቀለበት አድርጎ ቆርጦ ደራረበው፤ ክቦቹ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት በድርብርብ ወጡ። ይህ ሁሉ ሲሆን በር ላይ ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ቆሟል። ስድስት መስታወት ጨረሰብኝ። ፎቷቸውን ለሚጠብቁ ሰዎች ፍሬም የለም እያልኩ የምመልሰው እኔ ነኝ፣ የምሰደበውም እኔ።

በመጨረሻ ከሞተር ሳይክል ቀለም ቀቢዎች የሚረጭ ጥቁር ቀለም ለምኖ መጣ። በአሮጌ ሌንስ መከላከያ መስታወት ላይ፣ ጣት ያህል ከፍ አድርጎ፣ የለስላሳ ቆርኪ በሽቦ አንጠለጠለ። ከሩቅ ሆኖ በስሱ ረጨው። ቆርኪው የከለለው መሐል ንጹሕ ሆኖ ቀረ፤ ዳሩ የት እንደጀመረ ሳይታወቅ ጠቆረ። አሞጽ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ገብረየስ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ስድስት ዓመት ካስተም የሚባለው ገበያ ላይ ከኡጋንዳ የሚመጡ ከባድ መኪኖችን ሲያራግፍ ኖሮ፣ አሁን እዚያው የራሱን የሩዝና የዘይት መጋዘን የከፈተ ጨዋ ልጅ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለች ሲና የምትባል ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። አባቷ ታዲያ፣ ጁባ የሄደ ሁሉ ነጋዴ ነኝ ይላል፣ ሥራውን ልየው ብለዋል። ሽማግሌዎቹ እሑድ ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በፊት ገብረየስ መጋዘኑ ውስጥ ቆሞ የተነሳው ፎቶ መድረስ አለበት። ጉዳዩ ይህ ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ አስረድቶናል።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሄድን። ልጁ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ካርቶኖቹን ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክሎ፣ የዘይቱን ጀሪካን አንድ በአንድ ወልውሎ ጠበቀን። አሞጽ ካርቶኑን አላየም። ያየው ጣሪያውን ነው። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳዎች ፀሐይ ገብታ በጨለማው ላይ መቶ የብርሃን ነጥብ ሠርታለች። ፊቱን ሳይ ገባኝ። ዕቃው ይታይ እንጂ አልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ። ይታያል አለኝ፣ ያንን መስታወት ሌንሱ ላይ እየገጠመ። መስታወቱ ብርሃን ስለሚቀንስ ካሜራው ቶሎ አያነሳም፤ ገብረየስ እንዳይነቃነቅ ትንፋሹን ውጦ አራት ጊዜ ቆመ።

ውሸት አልናገርም፤ ፎቶው ያምር ነበር። የገብረየስ ፊት እስከ ሽፋሽፍቱ ጥርት ብሏል። ከኋላው ሩዝ የለ፣ ዘይት የለ፤ ቡናማ ነገር ውስጥ የሚቀልጥ ለስላሳ ብርሃን ብቻ። ማስቆም የነበረብኝ ያኔ ነው። ስለሚያምር ዝም አልኩ፤ በቴሌግራም የላክሁለትም እኔው ነኝ። አሞጽን በተቆጣሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል፤ ቁጣዬም ይብስብኛል።

ሰኞ ጠዋት ገብረየስ መጣ። አልተቀመጠም። አባቷ ፎቶውን ለሽማግሌዎቹ እያሳዩ፣ "ከኋላው ያለውን ማን አጠፋው? ሥራ ያለው ሰው ሥራውን አይጋርድም" ብለው ነበር። ስልኬን ይዤ በሞተር ካስተም ሄድኩና ገብረየስን እዚያው መጋዘኑ በር ላይ አቁሜ አነሳሁት። ሚዛኑ፣ ጆንያው፣ በካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ይነበባል። ወዲያው ተላከ። ረቡዕ መልሱ ደረሰ፤ መጀመሪያ ጋርዶ ሲጠየቅ የገለጠ ሰው የሌላ ሰው መጋዘን ውስጥ ሄዶ የቆመ ነው ብለዋል አባቷ። ሽማግሌዎቹም ሰለቻቸው።

ለአሞጽ ነገርኩት። ፎቶው ምን ጎደለው አለኝ። ሁለት ቀን አላናገርኩትም።

ቅዳሜ ገብረየስ ተመልሶ መጣ። አሞጽ አፍሮ ከፎቶው ነጭ ጨርቅ ጀርባ ገባ። ልጁ የመጀመሪያውን ፎቶ በትልቁ አትሚልኝ አለኝ፤ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሰው አግኝቷል።

"ያንኛውን ምን ያደርግልሃል?" አልኩት።

"ሲና ናት የጠየቀችኝ፣ እትዬ ዓባይነሽ። በሁለተኛው ካርቶን ነው ያየሁት፣ በመጀመሪያው ግን አንተን አየሁህ አለችኝ። አባቷ እንደሆኑ እምቢ እንዳሉ ናቸው። እናቴን ይዤ እለምናቸዋለሁ ብላለች፤ እኔ እንጃ።"

አሞጽ ከጨርቁ ጀርባ ወጣ። ይቅርታ ይጠይቀዋል ብዬ ጠበቅሁ።

"ስለ ብርሃኖቹስ ምን አለች?" አለው።

ገብረየስ ግራ ገባው። "የቱ ብርሃን፣ ጋሼ?"

ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፎቶ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ብርሃን ፈልጎ አጣ። አሞጽ ሊያሳየው ጣቱን ዘረጋ፤ ከዚያ መልሶ ሰበሰበውና ተወው አለ። ሦስት ወር ሙሉ የለፋው ብርሃኖቹን ማንም እንዳያያቸው ነበር፤ ማንም አላያቸውም። ልስቅበት ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም። ካለኝ ወረቀት ሁሉ ትልቁን አውጥቼ ሲና የጠየቀችውን ፎቶ ማተም ጀመርኩ።