የሥራነሽ ስድስት ሱባኤ

ሥራነሽ ሐኪሙን የጠላችው ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው። ከደብረ ኤልያስ ደብረ ማርቆስ ድረስ ባሏን ይዛ ሄዳ፣ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቃ፣ ሰውየው የመርሳት በሽታ ነው ብሎ ኪኒን ከጻፈላት በኋላ፣ "እናቴ፣ ይሄ አያድናቸውም፤ ያሉበት ላይ ያቆይልዎታል እንጂ" አላት። የማያድን መድኃኒት ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ቤቷ እስክትደርስ ስታጉረመርም ነበር።

ኪኒኑ ግን ሥራውን ሠራ። የገዛ በሩ ጠፍቶት ጎረቤት ገብቶ ይቀመጥ የነበረው ታረቀኝ፣ በሁለት ወሩ በሬዎቹን በስማቸው ይጠራ ጀመር። ጠዋት ጠዋትም "ሥሩ፣ የት ነሽ?" ይላል። አርባ ዓመት ሲጠራት ኖሮ ጠፍቶበት የነበረ ስም ነው። ስምንት ወር እንዲህ ቆየ። ሌላ ሴት ብትሆን እሰይ ብላ አርፋ ትቀመጥ ነበር። ሥራነሽን ግን ግማሽ ባል አልበቃትም፤ እንደ ድሮው እርፍ ጨብጦ፣ ሽምግልና ተቀምጦ ልታየው ጓጓች።

ስለዚህ ጠበል ወሰደችው። ከጠበል ጋር ሌላ ነገር አይቀላቀልም ሲባል ሰምታ ኖራለችና፣ ማንንም ሳትጠይቅ ኪኒኑን ቤት ትታው ሄደች። ለሁለት ሱባኤ የወጡት ስድስት ሆነ። በሦስተኛው ልብሱን መልበስ ተሳነው፤ እሷ ግን በሽታው ሊለቀው ሲል ነው ብላ ጨመረች። በስድስተኛው እሷንም ይሸሻት ጀመር።

ልትሰናበት ስትል ለአጥማቂው ለአባ ገብረ ሚካኤል የኪኒኑን ነገር አወራቻቸው።

"ማን ተዪው አለሽ?" አሏት። "ብትጠይቂኝ በጠበሉ ይዋጠው እልሽ ነበር።"

የምትረግመው ሰው እንኳ አጣች።

ሐኪሙ ኪኒኑን እንደገና አስጀመረው፤ ያመለጠው ሁሉ ግን እንደማይመለስ ሳይደብቅ ነገራት። አሁን እሱን ለመጥላትም ምክንያት አልነበራትም።

ትናንት ታረቀኝ እራቱን ሲጨርስ ኪኒኑን ከእጇ ተቀብሎ እንደ እንግዳ አመሰገናት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣

"ሚስቴን ታውቂያታለሽ? ሥሩ ትባላለች" አላት። "ጠበል ወስዳኝ፣ እዚያው ጥላኝ ሄደች።"

ሥራነሽ የሚውጥበትን ውሃ አቀበለችው።

"አውቃታለሁ" አለችው። "አዎ፣ ጥላህ ሄዳለች።"