የማጨጃዋ ቀበቶ ልክ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ በሚባል ሰፈር፣ ከቤታችን በር ጎን በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል አለችኝ፤ እዚያ ድሪያ የሚባለውን ሰፊ የሴት ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ስለ ሞተር የማውቀው ባጃጅ ስሳፈር ከምሰማው ድምፅ አያልፍም ነበር። ባሌ ደግሞ በአንድ ሆቴል አትክልተኛ ነው፤ ዋናው ሥራው ሣር የምታጭደውን ትንሽ ትራክተር መንዳት ነው። ሀርጌሳ ውስጥ ውሃ በቦቴ እየመጣለት የሚያድግ ሣር የሚያጭድ ሰው ብዙ የለም። ስለዚህ የእሱን ሥራ ለሰው ስናገር ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ምን አለበት።

ትራክተሯ አሮጊት ናት። በኮንቴይነር ከውጭ ስትመጣም አሮጊት ነበረች። አንድ ሰሞን አዲስ አመል አወጣች። ሞተሩ ይነሳል፣ ጎማው ይሄዳል፤ ከሆዷ ሥር ያሉት ምላጮች ግን ጠንከር ያለ ሣር ሲገጥማቸው ቀጥ ይላሉ፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ምላጮቹ የሚወስደው ረጅም የጎማ ቀበቶ እየተንሸራተተ ነበር። ባሌ ቀበቶውን ሦስት ጊዜ ቀየረ። ኩሽኔታ ለወጠ፣ ሞላ ለወጠ፣ ምላጮቹን አሳለ። አንድ ቀን ሠርታ በማግስቱ ትቆማለች።

ባለሆቴሉ ድሬዳዋ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ነገር አያለዝቡም። “አቦ፣ እስከ ቅዳሜ ካልሠራች ለቆራሌው እሰጣታለሁ። ላንተም ሌላ ሥራ የለኝም” አሉት። ለእኛ ሌላ ሥራ ማለት አያሃ ነው፤ በማለዳ መንገድ ዳር ቆሞ ድንጋይ የሚያሸክም ሰው መጠበቅ። ሁለት ዓመት ሠርቶታል፣ ወገቡ ዛሬም አልረሳውም። ያን ሳምንት እራቱን እየቆነጠረ ይተወው ነበር፤ እኔም ፈራሁ።

ሐሙስ ከሰዓት መጥቶ አሮጌውን ቀበቶ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው።

“ክር ልትገዢ ስትወጪ ይህን አሳይተሽ ልኩን አምጪልኝ” አለ።

“ይሄ ራሱ በምን ተለክቶ ተገዛ?”

“ከሱ በፊት በነበረው።”

“እሱስ?”

“ከሱ በፊት በነበረው ነዋ። ሰው ሁሉ ናሙና ይዞ አይደል የሚገዛው?”

እውነቱን ነው። እዚህ ሁሉም የተበላሸውን ዕቃ በእጁ ይዞ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፣ አምሳያውን ይገዛል። እኔን ግን ሳቄ መጣ። ደንበኛ አሮጌ ሱሪ አምጥቶ “በዚህ ልክ ስፊልኝ” ሲለኝ አልሰማውም፤ ጉልበቱና ወገቡ የለቀቀ ሱሪ ምኑ ይታመናል? ሰውየውን ራሱን አቁሜ እለካለሁ።

“በለቀቀ እየለካህ የለቀቀ ስትገዛ ነው የከረምከው” አልኩት።

ተቆጣ። ልብስ ሰፊ በትራክተር ምን አገባት ብሎ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና በሩ ላይ ቆሞ፣ “ነገ ጠዋት ነይ እስቲ” አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ሆቴሉ ጭር ብሎ ነበር። ሞተሩ ድንገት እንዳይነሳ የካንዴላውን ሽቦ ነቀለ፣ የምላጮቹን ሽፋን ፈታ። ቀበቶው የሚዞርባቸው ፑሊዎች ትልልቅ የክር ማጠንጠኛ ይመስላሉ። ሜትሬን ዙሪያቸውን አዞርኩት፤ ልኩ ከጠበቅኩት በላይ አነሰብኝ። ለካስ የጨርቅ ሜትር ስስ ስለሆነ ወደ ቦዩ ሥር ሰምጧል፤ ወፍራሙ ቀበቶ ግን ከቦዩ አፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሜትሩን ትቼ የቀበቶውን ያህል የሚወፍር ገመድ ፈልግልኝ አልኩት። እሱ ቀበቶውን የሚያጠብቀውን መወጠሪያ ፑሊ ከሚንቀሳቀስበት መንገድ እኩሌታ ላይ ያዘልኝ፣ እኔ ገመዱን አዙሬ በጠመኔ ምልክት አደረግኩበት። ከአሮጌው ቀበቶ ጎን ስንዘረጋው አራት ጣት ያጥራል። መወጠሪያው እስከ ዳር ተስቦም ቀበቶውን ማጥበቅ ያቃተው ለዚህ ነበር። ባሌ ጣቶቹን ደጋግሞ አስቀመጠበት።

ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ለዓርብ ተዘግቶ የዋለው ሱቅ ሲከፈት፣ በገመዳችን ልክ ገዛን።

ቅዳሜ ጠዋት አብሬው ስሄድ መንገድ ላይ መከርኩት። “ራሴ አገኘሁት በል። ሚስቴ ለካችልኝ ካልክ መሳቂያ ትሆናለህ።”

ባለሆቴሉ ወጡ፤ አስተናጋጆቹና ዘበኞቹም ተሰበሰቡ። እኔ ከአጥሩ ጥግ ቆምኩ። ባሌ ትራክተሯን ሁልጊዜ ወደምትቆምበት፣ ሣሩ ወደሚበረታበት ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው ቧንቧ ጥግ ነዳት፣ ምላጮቹን የሚያስነሳውን ማንሻ ሳበ። አልቆመችም። ሄዳ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች፤ የሚሸተው የታጨደ ሣር ብቻ ነበር።

“ማሻ አላህ” አሉ ባለሆቴሉ። “ምኗን አገኘኸው?”

ሞተሩን አጠፋና ወረደ። “እኔማ ወላሂ ሦስት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ልኩን ያገኘችው ሚስቴ ናት” አለና በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ይህን ሲል ባለሆቴሉ ገና “በሥራህ ትቀጥላለህ” አላሉትም ነበር። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያች ጠዋት ኮርቼበት አላውቅም።