ጉና ላይ ያደረችው ጂፕ

አዲስ ሸራ ሲዘረጋ የሚሸተው ሽታ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ሳልፍ ዛሬም ያስቆመኛል። አባቴ በጓሯችን፣ ከአሮጌዋ ጂፕ ሥር ገብቶ፣ እግሩ ብቻ ሲታይ ትዝ ይለኛል።

አባቴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ጡረታ እንደወጣ ያችን ጂፕ ገዛ። እኔ ሴት ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ስለነበር ከሥሩ አልጠፋም። ባሌስትራዋን በወፍራም ቀይሮ ከፍ አደረጋት፤ ጥርሳቸው ያላለቀ ትልልቅ ጎማዎች አገባላት፤ ጣሪያዋ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶመጋላ አስበየደላት። የኋላ ወንበሮቿን ነቅለን የሚታጠፍ የጣውላ አልጋ ሠራን። ሸራውን በሲባጎ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከጎኗ ሲዘረጋ እንደ ዳስ ይሆን ነበር።

ጎረቤቱ ሳቀብን። እናቴም፣ ቤት ያለው ሰው ሜዳ የሚያድረው ምን ቸግሮት ነው እያለች ታልፈን ነበር። አባቴ ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ከሰዓት ግን ፍራሹን እያስገባን ሳለ ጠራት።

«እስኪ ተኝተሽ እይው፤ ርዝመቱ ይበቃሽ እንደሆን።»

«የት ልትወስደኝ ነው?»

«ወንድምሽ ዘንድ።»

እናቴ የጉና ተራራ ተዳፋት ልጅ ናት። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ በእግርም ሆነ በበቅሎ መውጣት ስላልቻለች ታላቅ ወንድሟን ካየቻቸው ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። የመኪና መንገዱ ደግሞ ከአጎቴ ቤት በታች፣ ከሸለቆው ወዲህ ያልቃል። የአባቴ ሐሳብ እዚያው ሜዳ ላይ አድረን አጎቴ እንዲወርዱልን ነው። እናቴ ፍራሹን በእጇ ዳበሰችው።

መስከረም ሲጠባ ሄድን። የገሳይን ከተማ አልፈን ወደ ጉና በሚያወጣው ጥርጊያ ጥቂት እንደተጓዝን ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ ይሽከረከሩ ጀመር። አባቴ ከባዱን ማርሽ አስገባ። ጂፗ አጓራች እንጂ አልተነቃነቀችም። ያን ሁሉ የደከመላት አባቴ ሞተሩን ሲያጠፋ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ። ያን ጊዜ የእናቴ ድምፅ ከኋላ መጣ።

«ወደ ኋላ መልሳትና በላይ በኩል ያዝ። እዚያ ሥሩ ድንጋይ ነው፤ ከብቱን የምናወርደው በዚያ ነበር።»

እንዳለችው አደረገ፤ ወጣን። ከዚያ ወዲያ እስከ ላይ ድረስ የመራችን እሷ ናት። አሁን አባቴ የለም፤ ጂፗን የምነዳት እኔ ነኝ፤ እዚያች ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ በላይ በኩል እይዛለሁ።

አጎቴ መልእክት ደርሷቸው ኖሮ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የተቀቀለ ድንች በአገልግል ይዘው ወረዱ። አልጋውንና ሸራውን ዞረው ዞረው አዩ።

«እህቴ፣ ቤትሽን ይዘሽው መጣሽ?» አሏት።

እናቴ ልትስቅ ብላ አለቀሰች። እሳቸውም ከጎኗ አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ የሞተውን፣ የተዳረውን፣ የተወለደውን እየተጠያየቁ አምሽተው ወደ ቤታቸው ወጡ።

ጠዋት ብርዱ ቀሰቀሰኝ። ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። አባቴ አልጋውን ለእኛ ትቶ መሪው ላይ እንደተደገፈ ተኝቷል። አልጋው ላይ እንዲተኛ ልቀሰቅሰው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝና ጋቢዋን አለበሰችው።

«ተይው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያደርስ ኖሮ፣ እሱ ራሱ የደረሰው ዛሬ ነው።»

የፀሐይዋ ብርሃን ከተራራው ወርዶ ፊቱን እስኪነካው ድረስ፣ ሁለታችን ከኋላ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅነው።