የገደሉ ቤቶችና የጋሽ ተሰማ ጃንጥላ

በገደል ውስጥ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩት የጥንት ሰዎች ጠፉ የሚባለው ውሸት ነው። ማንም አልጠፋም። ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ጠፋ የሚሉት፣ ወዴት እንደሄደ መጠየቅ የሰነፉ ናቸው።

ይህን የምለው ባለፈው ሳምንት፣ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ስለደቀነብኝ ነው። ስልኩ ላይ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ሜሳ ቨርዴ ይታያል፦ ወደ ውስጥ በጎደጎደ ትልቅ ዓለት ሥር የተደረደሩ የድንጋይ ቤቶች፣ ጠባብ መስኮቶች፣ ክብ ግንብ። "ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ዲሳፒር አደረጉ እኮ። ሚስትሪ ነው፣ ማንም አያውቅም" አለኝ። እኔ አውቃለሁ አልኩት። አንተ ደግሞ ከየት አውቀህ በሚል ዓይን አየኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ማሽኑ ልብሴን ገና እያዞረ ስለነበር እኔ ጊዜ ነበረኝ፤ እሱ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ 1985 ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ክሬሰንት ታውን፣ በጋሽ ተሰማ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ጋሽ ተሰማ ስድሳን የተሻገሩ፣ በአገር ቤት መሬት ቀያሽ የነበሩ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ደግሞ መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ቀኑን ሙሉ እንደ ሰዓት ሳጥን በጠበበች የመስታወት ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። እኔ ግማሽ ቀን መደብር ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ፤ የቀረውን ቀን ቤተ መጻሕፍት ነኝ። በዚያ ዕድሜዬ ያነበብኩትን ሁሉ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አሁን እርግጠኛ የሆንኩት ማንበቤን ብቻ ነው።

የጋሽ ተሰማ አንድ ልጅ ሂሩት በዚያ ዓመት በእግሯ ወደ ሱዳን ተነሥታ ሁለት ወር ወሬዋ ጠፋ። አባትየው እዚያች መስታወት ቤት ውስጥ ሆነው ተሳሉ። ልጄ በሰላም ድንበር ከተሻገረች ደብረ ዳሞ ወጥቼ ጃንጥላ በእጄ አስገባለሁ አሉ። በገመድ ተንጠልጥለው የሚወጡበት፣ ሴት የማይደርስበት ገዳም መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አይገባኝም። ከዚያ ከካርቱም ደብዳቤ መጣ፤ ሂሩት ደህና ናት። ስለቱ ደረሰ፤ መንገዱ ግን ጦርነት ነው፤ ጋሽ ተሰማ ራሳቸውም ከአገር የወጡት ተመልሰው በሚገቡበት በር አልነበረም። የሂሩት የካናዳ ጉዳይ አንድ ቢሮ ውስጥ ተኝቷል። እሳቸው ግን በቢሮው አላሳበቡም። "ስለቴ ሳይገባ ልጄ ካርቱም ላይ ትቀርብኛለች" ይላሉ፤ ይህን ሲሉ እህል አይወርድላቸውም ነበር።

አንድ ቀን ከመስታወት ቤታቸው ግድግዳ ላይ ከቀን መቁጠሪያ የቀደዱትን ሥዕል ይዘው መጡ። ከዓለት ሥር የተደረደሩ ቤቶች። "ይኸውልህ፣ ገዳም" አሉኝ። "እዚሁ ጎረቤት አሜሪካ ነው፤ ደብረ ዳሞ ቢዘጋብኝ ስለቴን እዚህ አስገባለሁ። ከመነኩሴ በቀር ገደል ውስጥ ቤት የሚሠራ ማን አለ?"

በአገራችን ሚዛን እንከን የማይወጣለት ክርክር ነው። ችግሩ እኔ ስለዚያ ቦታ መጽሐፍ አንብቤ ነበር። የገበሬ መንደር እንደነበረ፣ ባዶ ከሆነ ሰባት መቶ ዓመት እንዳለፈው አውቃለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቦታውን ለማየት ደግሞ ከማንም በላይ ጓጉቻለሁ፤ መኪና ያላቸው እሳቸው ናቸው። "ሊሆን ይችላል ጋሼ" አልኩ። ያቺ "ሊሆን ይችላል" ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳችን።

ጃንጥላው በአንድ ሳምንት ተሰናዳ። ተራ ጥቁር ጃንጥላ ገዙ፤ ጎረቤታችን የሐረሯ ፋጡማ ቀይ ከፋይ አለበሰችው፤ ዳሩን በወርቃማ ዘርፍ ከፈፈችው። ለገዳም መሆኑን ስትሰማ ዋጋ አልቀበልም አለች፤ ለልጅ የተሳለ ነገር አይሸጥም ብላ። ድንበር ላይ የአሜሪካው ሹም ከጠቀለልንበት ነጠላ ውስጥ ፈቶ አወጣውና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጃንጥላ ነው አልኩ። ዘርፉን አየ፤ የጋሽ ተሰማን ክራቫት አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ምንም ሳይል ራሱ መልሶ ጠቀለለው።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ጋሽ ተሰማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም፤ ከዚያ በኋላ በጣሳ ያመጡትን በሶ በጥብጠው ይጠጣሉ፤ ኦቾሎኒና ሙዝ ይጨምሩበታል። አንድ ቀን አዮዋ ውስጥ ምግብ ቤት ገብተን፣ ሥጋ የሌለው፣ ወተት የሌለው፣ ቅቤና እንቁላል ያልነካው ነገር ብዬ አስረዳሁ። አስተናጋጇ እርሳሷን አቁማ "ታዲያ ምን ቀረ?" አለችኝና አንድ የተጠበሰ ድንች፣ ብቻውን፣ በትልቅ ሳህን መሐል አመጣች። እኔ እንኳ ጾመኛ አልነበርኩም፤ እንዲያ ለማለት ግን ወኔ አጣሁ። ቤንዚን በቀዳን ቁጥር ከጀርባ ዞሬ ሐምበርገር እየዋጥኩ፣ አፌን በኮካ ተጉመጥሙጬ ከረሜላ እየመጠጥኩ እመለስ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው የበቆሎ ማሳ ሁለት ቀን ሙሉ አላልቅም አለ። ቀያሹ ጋሽ ተሰማ መሪውን እንደያዙ "ይህን አገር የለካው ሰው ዳገት አይቶ አያውቅም" አሉ።

ዳገቱ በአራተኛው ቀን መጣ። ጠዋት ነበር፤ ወደ አምባው ስንወጣ የጥድ ሽታ ገባ። ጋሽ ተሰማ መስኮታቸውን እስከ ታች አወረዱት። ጥድ ካለ ደብር አለ፣ አልነገርኩህም አሉኝ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

አስጎብኚያችን ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ወጣት ሴት ናት። ወደ ቤቶቹ የሚያደርሰው አሥር ሜትር የሚሆን የእንጨት መሰላል ነው፤ ከበስተጀርባው ገደል። ጋሽ ተሰማ ጃንጥላውን በነጠላ ጀርባቸው ላይ አሰሩና አንተ ቅደም አሉኝ። መሐል ላይ ስደርስ ወደ ታች አየሁ። ከዚያ በኋላ እጄም እግሬም የእኔ አልነበሩም። ከላይ ሰዎች ይጠራሉ፤ እኔ እንጨቱን አቅፌ ቆሜአለሁ። ከታች የጋሽ ተሰማ እጅ ተረከዜን ያዘ።

"አንተ ሊቅ፣ መጽሐፍህ ውስጥ መሰላል የለም?" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እጅህን ቀይር። አሁን እግርህን። እኔ አለሁ" አሉኝ። እንደ ሕፃን አወጡኝ።

ላይ እንደደረሱ ጫማቸውን አወለቁ። አስጎብኚዋ ያድርጉት ብላ በምልክት ነገረቻቸው፤ ፈገግ አሉላትና ጫማቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ መነኮሳቱ የት እንዳሉ ጠይቅልኝ አሉኝ። እኔ በእንግሊዝኛ ግንቡ ስንት ዓመት እንደሆነው ጠየቅኋት። መለሰችልኝ። ዞሬ "ጸሎት ላይ ናቸው አለች" አልኳቸው። ከዚያ ጀምሮ ጋሽ ተሰማ በሹክሹክታ ብቻ ይናገሩ ጀመር።

ያጋለጠኝ ወፍጮ ነው። በአንድ ጥግ ሦስት የድንጋይ ወፍጮዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አስጎብኚዋ ተንበርክካ አፈጫጨቱን አሳየች፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጭቃው እርጥብ ሳለ የተጫነበትን የትንሽ ልጅ ጣት አመለከተች። ጋሽ ተሰማ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ቁጢጥ ብለው የተበላውን ድንጋይ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ ካለው ምልክት አጠገብ አደረጉና ለኩ፤ ቀያሽ አይደሉ?

"መነኩሴ ልጅ የለውም" አሉ።

ወደ እኔ ዞሩ።

"ታውቅ ነበር?"

"አዎ ጋሼ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከቶሮንቶ።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። ከአሁን በኋላ የምትለውን ሳታጎድል ንገረኝ ብቻ አሉ። በዚያው ቅጽበት አንድ ጎብኚ ሰዎቹ እንዴት እንደጠፉ ጠየቀ። አስጎብኚዋ ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ እሰማዋለሁ አለች። እኛ የእነሱ ልጆች ነን፤ አልጠፋንም፣ ዝናቡ እምቢ ሲል ወደ ደቡብ ወረድን፤ የአያቴ መንደር ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ትናንት ደውላ ለምን አትመጪም ብላ ስትነጫነጭብኝ ነበር አለች። አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። ጋሽ ተሰማ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"በላት፣ ገዳም መስሎኝ ነው ጫማዬን ያወለቅሁት። የሰው ቤት ከሆነም አላጠፋሁም።"

ነገርኳት። ባዶ እግራቸውን አየች፤ ስለ ጫማው ሁለተኛ አላነሣችም።

መውጫው በዓለቱ ውስጥ በእንብርክክ የሚታለፍ ጠባብ ዋሻ ነው። ጃንጥላው ጀርባቸው ላይ ሆኖ አያሳልፍም። ፈቱና ከኋላቸው ላለሁት ለእኔ አቀበሉኝ፤ እየዳሁ፣ ከፊቴ እየገፋሁት ወጣሁ። ማዶ ብርሃኑ ላይ ስንቆም እንኩ ብዬ አቀረብኩላቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"አንተ ነህ እዚህ ያመጣኸው። አንተው ደብረ ዳሞ አድርሰው።"

መኪናው ጋ ሳንደርስ ሰማዩ ጠቆረና ዶፍ ወረደ። ጎብኚው ሁሉ ሮጠ። እኛ የስለት ጃንጥላ ይዘን እንዴት እንሩጥ፣ እንዴትስ እንዘርጋ? ከፋዩ እንዳይበላሽ ጃኬቴን አውልቄ ጠቀለልኩት። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጫማውን በእጁ፣ ሌላው ጃንጥላውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ በዝናብ እየተደበደቡ በዝግታ ሲሄዱ አንዲት አሮጊት ከመኪናዋ መስኮት ዘርጉት እንጂ እያለች ጮኸችብን። ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ነሷት። ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን አይቼ ዋጥኩት።

ኔብራስካን ከዳር እስከ ዳር በዝምታ አቋረጥን። ያን ማለቂያ የሌለው ሜዳ የሚያውቅ ዝምታውን ያውቀዋል። እሳቸው ያስቡ የነበረው ስለ ሂሩት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለቱን ይዘው ሄደው ስለቱን ይዘው መመለሳቸው ነው። ሚቺጋን ላይ ጾሙ ተፈታ። ጋሽ ተሰማ ወርደው ሁለት ሐምበርገር ገዝተው መጡና አንዱን ጭኔ ላይ አስቀመጡ።

"እንግዲህ ፊት ለፊት ብላ" አሉ። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ኖሯል።

ሂሩት በቀጣዩ ክረምት፣ በረዶው ጉልበት በደረሰበት ሳምንት ቶሮንቶ ገባች። በምንም የማላምነው እኔ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከአባቷ የባሰ አለቀስኩ። ጋሽ ተሰማ ትከሻዬን ያዙና "የደብረ ዳሞው ጻድቅ ታደርሰዋለህ ብሎ አምኖሃል፤ እኔ ባላምንህም" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥተውት አያውቁም። ካረፉ አሥራ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

እኔስ? አንድ ጊዜ አገር ቤት ስሄድ ሻንጣው ከበደ ብዬ ጃንጥላውን ተውኩት። ሁለተኛው ጊዜ ግን ይዤው ሄጄ የደብረ ዳሞ ገደል ሥር ድረስ ቆሜአለሁ። ገመዱ ሲወዛወዝ አየሁት፤ እጄም እግሬም እንደዚያን ቀን ከዱኝ፤ ተረከዜን የሚይዝ ደግሞ አልነበረም። መነኮሳቱ ዕቃውን በገመድ እንስበው አሉኝ። እምቢ አልኩ። የተባለው በእጅ ነው፤ አንድ ጊዜ ያታለልኩትን ሰው ሁለተኛ አላታልልም። ሂሩት ሴት ናትና አትወጣም። ወንዶች ልጆች አሏት፤ ትልቁ ስለ ገመዱ ስነግረው ኢንሹራንስ አለው ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

ከልብስ ማጠቢያው ስመለስ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ አየሁት። ከፋዩ ትንሽ ደብዝዟል፤ ዘርፉ እንዳለ ነው። ይህን የምታነብ፣ ደብረ ዳሞ የምትወጣና ከፍታ የማትፈራ ወንድ ከሆንክ፣ ፓርክዴል መጥተህ ጃንጥላውን ውሰድልኝ። ሳታደርስ አደረስኩ እንዳትለኝ። መንገድ ላይ ዝናብ ቢመታህም እንዳትዘረጋው።