ሳላዳፍነው የተውኩት እሳት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ያቅተኛል። ይህን የምጽፈው ቂሜ ስላልበረደልኝ ነው።

በኮሮናው ጊዜ በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ኪሱጉ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አበሻ ምግብ ቤት፣ ወጥ ቤት እሠራ ነበር። ሰዓት እላፊው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ስለነበር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የከሰል ምድጃውን ረመጥ በአመድ አዳፍኜ እወጣለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሱን አውርቶ የማይጠግበው፣ ጓሮ የሚያድረው አስተናጋጅ ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጎ ከሰል ይጨምርበትና ቦዳ ለሚባሉት የሞተር ታክሲዎች ነጂዎች ሻይ ያፈላል። አሠሪያችን ቅልጥፍናውን ታመሰግናለች። ማን እንዳዳፈነው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አንድ ቀን ደንበኞች ሰዓት እላፊውን በእንግሊዝኛ ከርፊው እያሉ ሲያወሩ ሰማሁና፣ ቃሉ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ አስተናጋጁን በቀስታ ጠየቅኩት።

"ስሙልኝማ" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ዓመት ሙሉ ከርፊው እየፈራች ስትሮጥ፣ ለካ ምን እንደሆነ አታውቅም። ስድስተኛ ክፍል፣ ሂጂ ሽንኩርትሽን ላጪ።"

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ስድስተኛ ክፍል ሆኖ ቀረ።

ጎረቤቴ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ኮንጎአዊ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸውን ጠየቅኩ።

"እንግሊዞቹ ከፈረንሳይኛ ወስደውት ነው" አሉኝ። "ኩቭር ፉ፣ እሳት ሸፍን ማለት ነው። ድሮ ሲመሽ ደወል ይደወላል፤ ቤት እንዳይቃጠል ሁሉም እሳቱን ይሸፍናል።"

"በምን?"

"በአመድ ነዋ።"

በየቀኑ የምሠራውን ሥራ ነው የነገሩኝ።

በማግስቱ ሳላዳፍን ወጣሁ። ረስቼ አይደለም። ጠዋት ስመጣ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ከሰሉ በዝናብ ርሷል፣ እሱ ተንበርክኮ በካርቶን ያራግባል። ጢሱ ሲያስለቅሰው ቆሜ አየሁት፤ ደስ አለኝ። ቦዳ ነጂዎቹ ማዶ ሮሌክስ፣ በቂጣ የሚጠቀለል እንቁላል፣ ወደሚጠበስበት ተሻገሩ። በሁለተኛው ቀንም ተውኩት። በሦስተኛው ቀን አሠሪያችን ደንበኞች ፊት ተቆጣችው።

"እሷ ማዳፈን ትታ እኮ ነው" አለ።

"እስከ ዛሬ የምታዳፍነው እሷ ነበረች?"

ከወጥ ቤቱ ብቅ ብዬ፣ "ከርፊው ማለት እሳት ማዳፈን ነው፣ ከፈረንሳይኛ የመጣ" አልኩ። "አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰው ያዳፍን።"

አሁንም ቤቱ ሳቀ፤ በእኔ ግን አልነበረም። የጠዋቱን ሻይ ማፍላት ለእኔ ተሰጠኝ፣ ድስት ማጠቡ ለእሱ። አላዘንኩለትም። ወር ሳይሞላው ሥራውን ለቀቀ። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና እንዲህ አለኝ፦

"እንኳንም አልተማርሽ። ብትማሪ ኖሮ ማናችንንም አታኖሪም ነበር።"